ጋሽ አቤቱታ የሚጣሉት ጋዜጣ

ጋዜጣ በሚታተምበት ከተማ ሁሉ ጋዜጣውን ለመጣላት ብሎ የሚገዛ አንድ ሰው አይጠፋም። ሌላው አንባቢ ዜናውን ያያል፣ ስፖርቱን ያያል፣ የሐዘን ማስታወቂያውን አይቶ የራሱ ስም እንደሌለበት ያረጋግጥና ጋዜጣውን አጥፎ ያስቀምጣል። ይህ ሰው ግን ጋዜጣ ፊት የሚቀመጠው ችሎት እንደሚቀመጥ ዳኛ ነው። ከሳሹም እሱ፣ ፈራጁም እሱ፤ ይግባኝ የለም። ሰፈሩ «ውሃ ቀጠነ ባይ» ይለዋል። ሚስቱ ሰምታ እንዳልሰማች ታልፈዋለች። ጋዜጣው ቤት ደግሞ ስልኩ ገና ሲጮህ ሁሉም ሰው በአንድ ጊዜ ሥራ ይበዛበታል።

የዚህ ታሪክ ባለቤት ጋሽ አቤቱታ ይባላሉ። ስሙን ያወጣላቸው የዜና ክፍሉ ነው፤ ወላጆቻቸው ያወጡላቸውን ስም እዚያ ቤት የሚያውቅ ከምክትል አዘጋጇ በቀር ማንም አልነበረም። ጡረታ እስኪወጡ ድረስ የውሃ ቆጣሪ ተቆጣጣሪ ነበሩ፤ ስለዚህ «ውሃ ቀጠነ» ማለት ለእሳቸው ስድብ ሳይሆን የሥራ መደብ ነው። ረጅም፣ ቀጭን፣ አንገታቸው ነገር ፍለጋ ወደ ፊት የቀደመ ሰውዬ ናቸው።

ስልካቸውን የመመለስ ዕዳ የወደቀው ምክትሏ ላይ ነው። ዋና አዘጋጁ ልቤን ያመኛል ብሎ አመለጠ፤ የስፖርቱ አዘጋጅ ጆሮዬን ብሎ አመለጠ። እሷ ደግሞ የቤቱ ታናሽ ሆና ስትቀጠር የጣሉባትን ሥራ ምክትል ሆናም ከላይዋ ማውረድ አልቻለችም። ጋሽ አቤቱታ ሰላምታ አያበዙም። «እኔ አንባቢ ነኝ» ይላሉ ስልኩ እንደተነሳ፤ ሌላው ሰው «እኔ ሚኒስትሩ ነኝ» በሚልበት ድምፅ። ከዚያ ገጹን፣ ዓምዱን፣ መስመሩን ይጠሩና ይጀምራሉ። ሲጨርሱም ስንብታቸው አንድ ናት፦ «ጉዳዩ እንዲህ በቀላሉ አይታለፍም።»

አይታለፍምም። ጋዜጣው ይዘንባል ብሎ ጠብታ ጠፍቶ በዋለበት ቀን፣ በጠራራ ፀሐይ ጃንጥላ ተሸክመው የሰፈር መሳቂያ መሆናቸውን ገልጸው እርማት ይጠይቃሉ። «ሠራተኛ» በንጉሡ ሠ ፈንታ በእሳቱ ሰ ተጽፎ ካገኙ ያ ሳምንት ለምክትሏ አበቃለት። ሕክምና ላይ የተጻፈ ሰፊ ዘገባ አንብበው፣ በሀሌታው ሀ የተጻፈ «ሀኪም» ዘንድ ሄደው እንደማይታከሙ አስታውቀዋል። አንድ ጎረቤታቸው ሞቶ ጋዜጣው «በሁሉም ዘንድ ተወዳጅ ነበር» ብሎ በጻፈ ጊዜ ደግሞ ቀብር እንኳ ሳይሄዱ ደወሉ። እሳቸው ሰውየውን አይወዱትም ነበር፤ ስለዚህ «ከአንድ ጎረቤቱ በስተቀር» ተብሎ እንዲታረም ፈለጉ። ምክትሏ ሟች ነው፣ ይተዉት፣ ነውር ነው ብላ ለመነቻቸው። ነውርማ ውሸት ነው አሉ፤ ሞቶ እንኳ እየዋሸብኝ ነው።

ይሳሳታሉ ደግሞ፤ እንዲያውም ከግማሽ በላይ ይሳሳታሉ። የድልድዩ ፎቶ ተገልብጦ ታትሟል፣ ሐውልቱ በግራ በኩል ነው መታየት ያለበት ብለው አንድ ወር ሙሉ አላስቀምጥ አላስተኛ አሉ። በመጨረሻ ምክትሏ ፎቶ አንሺውን አስከትላ ድልድዩ ድረስ ሄደች። ሐውልቱ በቀኝ ነው፤ ፎቶው ትክክል ነው። ይህን ስትነግራቸው፣ እናንተ ስህተት ስላስለመዳችሁኝ ነው፣ ጥፋቱ ዞሮ ዞሮ የእናንተው ነው ብለው ስልኩን ዘጉ። ካፈርኩ አይመልሰኝ ማለት እንግዲህ ይህ ነው።

እሷ ጆሯቸው ላይ የዘጋችው አንድ ጊዜ ብቻ ነው። አባቷ ያረፉ ሰሞን ጋዜጣው የሐዘን መግለጫ አወጣ፤ ጠባብ ዓምድ፣ ጥቂት መስመር። ከሐዘን ተነስታ ቢሮ በገባች ጠዋት ስልኩ ጮኸ። ጋሽ አቤቱታ ገጹንና ዓምዱን ጠሩ፤ ከዚያ ለሳሙና ማስታወቂያ ግማሽ ገጽ የሚሰጥ ጋዜጣ፣ የገዛ ሠራተኛውን አባት ዕድሜ በዚህች ጥግ እንዴት ያጭቀዋል ብለው ወረዱባት። ደሟ ፈልቶ ዘጋችባቸው። እንዲህ ያለ ሰው አላህም እግዜርም አይወደውም አለች ለራሷ። ውሎ ሲያድር ነው የገባት፤ ከአጽናኞቿ ሁሉ ያቺን ጥግ አይቶ አነሰች ብሎ የተቆጣላት እሳቸው ብቻ ነበሩ። ይህን ግን ለማንም አልተናገረችም፤ ለእሳቸውማ እንዴት ተደርጎ።

ከዚያ ሽማግሌው የጋዜጣው ባለቤት ሞቱና ልጃቸው ቦታውን ያዘ። የዜና ክፍሉ ወራሹ ይለዋል። ወራሹ ክፉ ልጅ አልነበረም፤ ክፋት እንኳ ትንሽ ትኩረት ይፈልጋል። ፈገግታው የማይጠፋ፣ ሁሉንም በስሙ የሚጠራ፣ የጋዜጣውን አንድ ገጽ ግን ከላይ እስከ ታች አንብቦ የማያውቅ ወጣት ነው። በመጣ በሳምንቱ ግድግዳው ላይ ትልቅ ስክሪን አሰቀለ። ስክሪኑ ላይ ድረ ገጹ ላይ የወጣው እያንዳንዱ ወሬ ስንት ሰው እንደከፈተው ይታያል። የሚወጣ ቁጥር አረንጓዴ ነው፤ የሚወርድ ቀይ። ከዚያ ቀን ጀምሮ በዚያ ክፍል ውስጥ «እውነት ነው ወይ» ብሎ የሚጠይቅ ሰው እንደ ቆሞ ቀር ታየ።

መጀመሪያ አራሚዎቹ ተሰናበቱ። ቀጥሎ ፍርድ ቤት እየዋለ የሚዘግበው አዛውንት ተሸኘ፤ ችሎት ቁጭ ብሎ መዋል የሰው ኃይል ማባከን ነው ተባለ። የቀሩት ልጆች ከወንበር ሳይነሱ፣ ሌላው የጻፈውን እየገለበጡ፣ ላዩ ላይ የሚያስጎመጅ ርዕስ ይለጥፋሉ። «ይህች እናት ያደረገችውን ሲሰሙ ያለቅሳሉ።» እናትየዋ ያደረገችው ምን መሰላችሁ፣ ልጇን ከትምህርት ቤት ይዛ ወጣች። በሬ ወለደ የሚባለው ወሬ ድሮ ቢያንስ በሬ ነበረው።

የታተመው ጋዜጣም እንደ ታመመ ሰው ይከሳ ጀመር። ገጹ ቀነሰ፣ ወረቀቱ ሳሳ፣ የሚሸጥበት ቦታ ጠፋ። ጥግ ላይ የነበረው ጋዜጣ ሻጭ መደርደሪያውን የስልክ መሸፈኛ ሞላበት። ጋሽ አቤቱታ ከሻጩ ጋር ተጣሉ፤ ሻጩ ለልጆቼ የማበላው ጋዜጣ አይደለም አላቸው፤ እሱ እውነቱን ስለነበረ ይብሱን ተናደዱ። በመጨረሻ ሁለተኛው ገጽ ታች ላይ የነበረችው «እርማት» የምትባለው ሳጥን ተነሳች። ወራሹ ምክንያቱን ለምክትሏ በፈገግታ አስረዳት፤ ጥፋትን በየቀኑ በራስ እጅ መጻፍ ለስማችን ጥሩ አይደለም አላት። እሷ ግን ጋዜጣው ስም ያገኘው በዚያች ሳጥን እንደሆነ ታውቃለች። ተናገረች፤ ጆሮ ዳባ ልበስ አላት።

የዜና ክፍሉ ስልክም ተቆረጠ። በምትኩ የተቀዳ ድምፅ መጣ፤ ለማስታወቂያ አንድን ይጫኑ፣ ለክፍያ ሁለትን ይጫኑ ይላል። ለመቆጣት የሚጫኑት ቁጥር አልነበረም። ጋሽ አቤቱታ አንድን ተጫኑ። የማስታወቂያ ክፍሏ ልጅ ደንበኛ መሰሏት በትሕትና ስታዳምጥ፣ ስለ ንጉሡ ሠ አንድ ሙሉ ትምህርት ተቀበለች። ሁለተኛ ቀን ድምፃቸውን ለየችውና አላነሳችም።

እንግዲያስ በዘመኑ መንገድ ይሁን ብለው የእህታቸው ልጅ ድረ ገጹን ስልካቸው ላይ ከፈተችላቸው። ከእያንዳንዱ ወሬ ሥር አስተያየት መጻፍ ጀመሩ። የማያውቁት ሕዝብ ተረባረበባቸው። እሳቸውም ለእያንዳንዱ ተሳዳቢ፣ ስድቡን በፊደል አርመው መልስ ይሰጣሉ። አንዱ «አንተ ሽማግሌ ሂድና ተኛ» ብሎ ቢጽፍላቸው፣ «ሽማግሌ ትክክል ነው፤ ሂድና ተኛም ትክክል ነው፤ ስህተቱ ‹አንተ› ላይ ነው፤ ‹እርስዎ› በል» ብለው መለሱለት። ምክትሏ ቢሮዋ ሆና ይህን አንብባ ብቻዋን ሳቀች። በዚያ ቤት ከሳቀች ሰንብታ ነበር።

ሳቁ አልቆየም።

በከተማው ሌላ ዳር ያለች አንዲት መድኃኒት ሻጭ፣ ጊዜው ያለፈበት የሕፃናት ሽሮፕ ላይ ቀኑን ፍቃ አዲስ ቀን እየለጠፈች ስትሸጥ ተያዘች። ሕፃናት ታመው ሆስፒታል ገብተዋል። ከወንበር የማይነሱት ልጆች ለወሬው ፎቶ ፈለጉ። የተያዘችውን ሴት ስም ስልክ ላይ ጻፉ፤ ያው ስም፣ ያው ሙያ ያላት አንዲት ሴት የምርቃት ፎቶ መጣላቸው። ጥቁር ካባ ለብሳ፣ አበባ ይዛ ትስቃለች። ይህችው ናት ተባለና ወጣ። ርዕሱ «ሕፃናትን እየመረዘች የምትስቀው ሴት» ይል ነበር። ስክሪኑ ላይ ያለው ቁጥር አረንጓዴ ሆኖ ወጣ፣ ወጣ፣ ወጣ። ወራሹ ክፍሉን አስጨበጨበ።

ፎቶው ላይ ያለችው ሴት በሽሮፕ ቀን ላይ እጇን አንስታ አታውቅም። በጋሽ አቤቱታ ሰፈር፣ ከዳቦ ቤቱ አጠገብ ባለች ጠባብ መድኃኒት ቤት የምትሠራ ፋርማሲስት ነች። አይጥ በበላ ዳዋ ተመታ እንዲሉ፣ ቀኑ ሳይመሽ የመድኃኒት ቤቱ መስታወት በድንጋይ ወረደ። የመድኃኒት ቤቱ ባለቤት እስኪበርድ ቤት ተቀመጪ አላት። አከራይዋ ልቀቂልኝ አሏት። ልጇ ክፍል ውስጥ አጠገቧ የሚቀመጥ አጣች። ይህን ሁሉ ያደረጉት ወንበዴዎች አይደሉም፤ ትናንት ከእሷ እጅ የሳል መድኃኒት የተቀበሉ ደህና ሰዎች ናቸው። ስልካቸው ላይ አይተዋል፤ አይተው ለወዳጅ ዘመድ ልከዋል፤ አንዱ እንኳ መንገድ ተሻግሮ አልጠየቃትም።

ምክትሏ ነገሩን የሰማችው ከጋሽ አቤቱታ ነው። የጋዜጣው ቤት ጥበቃ አላስገባ ሲላቸው ደረጃው ላይ ተቀምጠው ጠበቋት። ለምሳ ስትወጣ ተነሱ። ገጽ አልጠሩም፣ ዓምድ አልጠሩም።

«ፎቶው የተያዘችዋ ሴት አይደለም» አሏት። «ይህቺ የደም ግፊት መድኃኒቴን የምትሰጠኝ ልጅ ናት። ስንት ዘመን ጨቅጭቄያታለሁ፤ አውቃታለሁ።»

ምክትሏ ምሳዋን ትታ ፖሊስ ጣቢያ ሄደች። ከወንበር ለተነሳ ሰው እውነቱ ሩቅ አልነበረም፤ የታሰረችው ሌላ ሴት ናት። ተመልሳ ለወራሹ ነገረችው። ወራሹ ደነገጠ፤ ከልቡ ነው የደነገጠው። ወዲያው ፎቶው እንዲነሳ አዘዘና በምትኩ የመድኃኒት ጠርሙስ ተለጠፈ። ከዚያ እጁን ዘርግቶ፣ ይኸው ጠፋ አላት። መሳሳታችንን እንጻፍ ስትለው ግን ፊቱ ተለወጠ። ጠበቃ አማክሬያለሁ አለ፤ ካልጠየቁን አንናገርም፤ ደግሞ የተረሳ ነገር መቀስቀስ ለሴትየዋስ ምን ይጠቅማታል። በማያውቃት ሴት ስም ማዘኑ ነበር ምክትሏን ያንገበገባት። ወደ ደረጃው ወረደች፤ ጋሽ አቤቱታን ክንዳቸውን ይዛ፣ ጥበቃውን አልፋ፣ ወራሹ ጠረጴዛ ፊት አቆመቻቸው።

ወራሹ በትሕትና ተነሳ። «አባባ፣ አስተካክለነዋል» አላቸው።

«የታለ?»

ስልኩን ከፍቶ ጠርሙሱን አሳያቸው። ጋሽ አቤቱታ መነጽራቸውን አስተካክለው ከላይ እስከ ታች አነበቡ፤ አንድ መስመር ሳይዘሉ። ስልኩን መለሱለት።

«ተሳስተን ነበር የሚለው የታለ?»

«አያስፈልግም እኮ አባባ። ስህተቱ አሁን የለም።»

ምክትሏ ይጮኻሉ ብላ ጠበቀች። በስልክ የሚጮኹት ሰውዬ ግን ድምፃቸውን ዝቅ አደረጉ፤ ከጩኸቱ የከፋ ነበር።

«ልጄ፣ በአደባባይ ሰድቦ በጓዳ ይቅርታ ማለት ነውር ነው ሲባል ነው የማውቀው። አንተ በጓዳም አላልክ። ሞኝና ወረቀት የያዘውን አይለቅም ይባላል። የአባትህ ጋዜጣ ሲሳሳት ስህተቱን ይዞ ይቆየኝ ነበር፤ ጣቴን ሰክቼ ‹ይኸው› እለው ነበር። በማግስቱም ‹እውነትህን ነው› ይለኛል። ያንተው ዋሽቶ ሲያበቃ አፉን ጠርጎ ‹እኔ መች› ይላል። እኔ ከዚህ ጋር እንዴት ነው የምጣላው?»

ወራሹ ለዚህ ያለው መልስ ጥበቃው ነበር። አስጠራው።

በዚያው ሰሞን ወራሹ የታተመው ጋዜጣ እንዲቆም ወሰነ። ለስንብት አንድ የመጨረሻ እትም ይወጣል፤ የፊት ገጹን የአባቱ ትልቅ ፎቶ ይይዘዋል፤ በድግስ ለተጋበዙ እንግዶችና ለከተማው በነፃ ይታደላል። ገጽ ማዘጋጀት የሚያውቅ ሰው ስላልቀረ ሥራው ለምክትሏ ተሰጠ። እሺ አለች። ከዚያ ተነስታ ፋርማሲስቷ ቤት ሄደች።

ሴትየዋን መጋረጃዋን ዘግታ፣ ዕቃዋን በካርቶን ከትታ፣ ግማሹን ኮሪደር ላይ ደርድራ አገኘቻት። ምክትሏ ከየት እንደመጣች ስትናገር በሩን ልትዘጋባት ነበር፤ አልዘጋችም። የመጣችበትን ነገረቻት። ሴትየዋ ሁለት ነገር ብቻ ጠየቀች። አንደኛው፣ እርማቱ የሚጻፍበት ፊደል በዋሹበት ፊደል ልክ ይሁን የሚል ነው። ሁለተኛው ምክትሏ ያልጠበቀችው ነበር።

«ፎቶዬን መልሳችሁ አውጡት» አለች። «ሰው እንደ ነፍሰ ገዳይ ያየኝ በዚያ ፎቶ ነው። የተመረቅኩበት ቀን ነው። ይመለስልኝ።»

የመጨረሻው ጋዜጣ የፊት ገጽ እንዲህ ሆነ። የወራሹ አባት ፎቶ ወደ ውስጥ ገባ፤ እሳቸውም ቢጠየቁ ባልተቃወሙ። በቦታው ካባ የለበሰችው ሴት አበባዋን ይዛ ወጣች፤ ከላይዋ በትልቁ ፊደል «ይህች ሴት ንጹሕ ናት፤ የዋሸነው እኛ ነን» ይላል። ከሥሩ ምን እንደተጻፈ፣ እንዴት እንደተጻፈ፣ ማን ሳይጠይቅ እንደጻፈው፣ በእሷ ላይ ምን እንደደረሰ ተዘረዘረ። ማለባበስ የለውም። ምክትሏ የራሷንም ስም ከሥሩ አኖረች።

የማተሚያ ቤቱ ኃላፊ ገጹን ይዞ ብዙ ቆመ። ወራሹ አይቶታል ወይ ብሎ ጠየቃት። ሲታተም ያየዋል አለችው። ሰውየው መነጽሩን አውልቆ ደረት ኪሱ ከተተ፤ ያለ መነጽር ምንም አይታየኝም፣ ያልታየኝን ደግሞ ልከለክል አልችልም አለና ማሽኑን አስነሳ።

ድግሱ ላይ የሆነውን መናገር አያስፈልግም። እንግዶቹ ጋዜጣውን ተቀበሉ፤ የወራሹ ፈገግታ መሄጃ አጣ። ምክትሏን እዚያው፣ ኬኩ ሳይቆረስ አባረራት። ቦርሳዋን አንስታ ወጣች፤ አላለቀሰችም። የተረፈው ጋዜጣ ሁሉ ከተማ ሳይደርስ ወደ ወረቀት መፍጫ እንዲሄድ ታዘዘ። የማተሚያ ቤቱ ኃላፊ ግን አሁንም መነጽሩን አላደረገም ነበር፤ ጋሽ አቤቱታ ከምክትሏ ሰምተው በጎረቤት የዕቃ መኪና መጥተው እስር እስሩን ሲጭኑ አላያቸውም።

ምክትሏ በማግስቱ ተከትላቸው ወጣች። በየበሩ ማንኳኳት ጀመሩ። ሰው ከወሬ ጋር ሲሮጥ እግር አያጣም፤ ከእርማት ጋር ሲሆን ግን ሁሉም ሥራ አለበት። አንዳንዱ ሳይከፍት ከውስጥ አንፈልግም ይላል። አንዷ ጋዜጣውን ተቀብላ ፊደሉን ሳታይ ጫማ መወልወያ አደረገችው፤ ጋሽ አቤቱታ ከእጇ ነጥቀው ሌላ ሰጧት። አንድ ጎልማሳ ደግሞ ወሬውን ለዘመድ ሁሉ ልኬ ነበር፣ አሁን ለስንቱ ልንገር ብሎ ሳቀ። ጋሽ አቤቱታ በሩ ላይ ተተክለው፣ ለላክበት ሁሉ ይህንንም ላክ አሉት። ቆሙ። ሰውየው ምሳው እየቀዘቀዘ፣ እያጉረመረመ፣ ፎቶ አንስቶ ለእያንዳንዱ ላከ። የመድኃኒት ቤቱ ባለቤት በተሰበረው መስታወት ፈንታ ጋዜጣውን ለጠፈ፤ ሠራተኛውን መመለስ ግን ገና አስብበታለሁ አለ። ጋሽ አቤቱታ ያሉትን እዚህ መጻፍ አይቻልም።

ከዚያ ፋርማሲስቷ ተከራይታ የምትኖርበት የአከራይዋ ቤት ደረሱ። አከራይዋ በሰፈሩ የተከበሩ፣ ነጠላቸው የማይዛነፍ ትልቅ ሴት ናቸው። በሩን ግማሽ ከፍተው ጋዜጣውን ተቀበሉ፤ እዚያው ቆመው አነበቡ። አንብበው ሲጨርሱ የተመለከቱት ምክትሏን ነው። የመጀመሪያውንም የጻፋችሁት እናንተ አይደላችሁ ወይ አሏት። አዎ አለች። አከራይዋ ጋዜጣውን መልሰው ዘረጉላት።

«ድሮም ጋዜጠኛ ውሸታም ነው» አሉ። «በሰው ስም በልቶ አዳሪ። አሁን ደግሞ ንስሐ ገባሁ ብለሽ በሬን ታንኳኪያለሽ?»

ምክትሏን ድግስ ላይ ከመባረሯ ይልቅ ይህ አመማት፤ ሴትየዋ ከእውነት አልራቁምና። ጋዜጣውን ልትቀበል እጇን ስትዘረጋ ጋሽ አቤቱታ መሃል ገቡ።

«እመቤት፣ ይህችን ልጅ መስደብ የእኔ ሥራ ነው» አሉ። «ይህን ጋዜጣ እንደኔ የሰደበው በዚህ ከተማ የለም። ግን ለመስደብ መጀመሪያ አንብቤው ነው። ስሰድባት ታነሳለች፤ ተሳስታ ከሆነ በማግስቱ ‹ተሳስቻለሁ› ብላ ትጽፋለች፤ ትናንት ደግሞ ያንኑ ጽፋ እንጀራዋን አጣች። ይህን ያደረገ ሌላ ሰው በዚህ ሁሉ ነገር ውስጥ አላየሁም። እርስዎ ያቺን ልጅ ከነልጇ ውጪ ያሏት በስልክ ያዩትን ይዘው ነው። እስኪ እርስዎም አንድ ጊዜ ‹ተሳስቻለሁ› ይበሉ።»

አከራይዋ ፊታቸው ቀላ። በሩን የሚዘጉ መሰሉ። ግን ኮሪደሩ ላይ የተደረደረው የፋርማሲስቷ ካርቶን ዓይናቸው ፊት ነበር፤ ስንት ቀን እየረገጡት አልፈዋል። ነጠላቸውን ወደ ኋላ ጣሉና ጎንበስ ብለው አንዱን ካርቶን አነሱ። ከብዷቸው ነበር። ሳይናገሩ ወደ ፋርማሲስቷ ክፍል ገፍተው ይዘውት ገቡ።

ምክትሏ ፊቷን ወደ ግድግዳው አዞረች። ለዓመታት ልቧን ያደረቋት ሰውዬ አጠገቧ ቆመው ይተነፍሳሉ፤ ስለ እሷ ደግ ቃል ሲናገሩ ስትሰማ ይህ የመጀመሪያዋ ነው፤ እሱም ቢሆን በቁጣ ነው። በቃ እንሂድ ብላ እጅጌያቸውን ያዘች። ሴትየዋ ካርቶኑን መልሰዋል፤ ይበቃል።

«አይበቃም» አሉ ጋሽ አቤቱታ። «ካርቶን ቃል አይደለም።»

ቆሙ። ከውስጥ ካርቶን ሲቀመጥ ተሰማ። ከዚያ የአከራይዋ ድምፅ፣ ዝቅ ብሎ፣ ከብዷቸው እንደወጣ እያስታወቀ፦ «ተሳስቻለሁ፣ ልጄ።» ፋርማሲስቷ የመለሰችው አልተሰማም። መጋረጃ ሲከፈት ግን ኮሪደሩ ድረስ ብርሃን ገባ።

መንገድ ላይ ሲወጡ ጋሽ አቤቱታ ገና አልበረደላቸውም ነበር። ሴትየዋ ቃሉን ውስጥ ገብተው መናገራቸው ትክክል አይደለም፣ በር ላይ መባል ነበረበት ይላሉ። ምክትሏንም ቶሎ እንሂድ በማለቷ ወረዱባት፤ የፊት ገጹ ላይ ያለውም ዘገባ ሦስተኛ አንቀጹ ይንዛዛል። እሷ ከመኪናው ላይ አንድ እስር ጋዜጣ አወረደች፤ በአንድ እጇ አቅፋ፣ በሌላው የእሳቸውን ክንድ ይዛ፣ እሳቸው እየተቆጡ ወደሚቀጥለው በር ሄዱ።